ከላያችን የሚያልፈው መስመር፦ የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ የኃይል ማስተላለፊያ እንዴት ይዘርጋ?

የጣና ዳር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። ጉዳዬ መብራት ነው። የቆጣሪና የሂሳብ ነገር ግን አይደለም፤ የትላልቆቹ መስመሮች ነገር ነው።

ህዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ጣና በለስ ከግንቦት 2002 ጀምሮ አለ፤ 460 ሜጋ ዋት፣ ያውም በራሳችን በጣና ውኃ። ከዚያም በፊት ጢስ ዓባይ ነበር። ማመንጨት ላይ አካባቢያችን ድርሻውን ተወጥቷል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ከተርባይኑ ወዲህ ነው። ኃይሉ የሚሄደው በብረት ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶው የቆመው በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ያ ገበሬ ማታ ቤቱ ሲገባ በባትሪ ወይም በኩራዝ ነው የሚያበራው። 400 ኪሎ ቮልት በአናቱ ላይ ያልፋል፤ እሱ ግን አምፖል የለውም። በሰላሙ ጊዜ ይህ ቅሬታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጸጥታ ሲጠፋ ግን ያንን ምሰሶ "የኔ ነው" ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም።

የኔ አቋም ይህ ነው። አዲስ መስመር ሲታቀድ፣ በሥሩ ያለው ሕዝብ መብራት የሚያገኝበት ሥራ እዚያው በጀትና እዚያው ውል ውስጥ መግባት አለበት። "በሁለተኛው ምዕራፍ" ከተባለ አለቀ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ሙያው ያላችሁ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው መስመረኛ

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። ዕድሜዬን በመስመር ሥራ ላይ ነው የጨረስኩት። የማውቀውን ልንገርህ።

ሰው ስለ መስመር መቆረጥ ሲሰማ ወዲያው የሚታየው ጥይትና ፈንጂ ነው። ይህም አለ። ግን ብዙ ምሰሶ የሚወድቀው በመፍቻ ነው። የብረት ምሰሶ አራት እግር አለው። እግሮቹን አንድ ላይ የሚያስሩ በአግድምና በሰያፍ የሚገቡ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ሌባ መጀመሪያ የሚፈታው እነሱን ነው፤ ለእጅ ቅርብ ናቸው፣ ብሎናቸውም በተራ መፍቻ ይፈታል። ብረቱ ለበር ይሆናል፣ ለአልጋ ይሆናል፣ ቁራሌው ይገዛዋል።

ምሰሶው ያኔውኑ አይወድቅም። ይቆማል። ሰውም "ምንም አልሆነም" ይላል። ከዚያ አንድ ቀን የክረምት ነፋስ ይመጣል፤ ሰያፍ ብረት የሌለው እግር ይታጠፋል። አንዱ ሲወድቅ ሽቦው ጎረቤቱን ይጎትታል። ያም ሌላውን። በየተወሰነ ርቀት ላይ ውጥረት እንዲችሉ ተብለው የሚሠሩ ጠንካራ ምሰሶዎች አሉ፤ መውደቁ የሚቆመው እነሱ ጋ ሲደርስ ነው። ለአንድ በር ብረት ብለው ከተሞች ይጨልማሉ።

ጥበቃ ይቀጠር የሚል ሐሳብ ሁሌም ይነሳል። በአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ገደማ ምሰሶ ይቆማል። መቶ ኪሎ ሜትር ሦስት መቶ ምሰሶ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ገደል ውስጥ፣ ስንቱ ወንዝ ማዶ ነው። ለዚህ ሁሉ ዘብ አይገኝም። ሌሊት ብረት ሲመታ የሚሰማው እዚያ ያደረው ሰው ብቻ ነው። ከአቋምህ ጋር የምስማማው በዚህ ነው።

የፎገራ ሩዝ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ልክ ነዎት።

እኔ ወረታ አካባቢ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። መስመር ስለሚያልፍባቸው ሰዎች የምናገረው የማውቀውን ነው፤ ደንበኞቼ ናቸው። እነሱ መጀመሪያ የሚያነሱት መብራት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሚያነሱት ባህር ዛፍ ነው።

እዚህ አገር ባህር ዛፍ የገበሬ ባንክ ነው። ልጅ ሲዳር ይቆረጣል፣ ቤት ሲሠራ ይቆረጣል፣ ሐኪም ቤት ሲገባ ይቆረጣል። መስመር ሲመጣ ከሽቦው ሥርና ከግራ ቀኙ ያለው ሁሉ ይወርዳል፤ ዳግመኛም አይተከልም። ጤፍ መዝራት ይቻላል፣ ሩዝ መዝራት ይቻላል። ዛፍና ቤት ግን ክልክል። ሰውየው የዛሬውን ዛፍ ብቻ አይደለም ያጣው፤ ከጉቶው በየጊዜው እየበቀለ የሚቆረጠውንም አጥቷል። ካሳ ሲሰላ ይሄ ይታሰባል ወይ? ባየሁት አንድ ሥራ ገማቾቹ ግንድ ቆጥረው ሄዱ። ገንዘቡም ዛፉ ከተቆረጠ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የመጣው።

መብራቱን በተመለከተ ደግሞ፣ መፈልፈያዎቹ ብዙዎቹ አሁንም በናፍጣ ነው የሚሠሩት። ናፍጣ ሲወደድ የማስፈልፈያው ዋጋ ይጨምራል፤ ናፍጣ ሲጠፋ ሩዙ በጆንያ እንደታጨቀ ይቀመጣል። መንገድ ሲዘጋ የሚጠፋው ደግሞ መጀመሪያ ናፍጣ ነው።

የፖሊ መሐንዲስ

ባህር ዳር ፖሊ ኤሌክትሪካል ነው የተማርኩት፤ አሁን የምሠራው በዚሁ ሙያ ነው። አንድ ነገር ላብራራ፤ ብዙ ሰው "ሽቦው በላያችን እያለፈ ለምን አይቀጥሉልንም?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሊነገረው ይገባል።

ኃይል በሽቦ ሲሄድ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ብክነቱ የሚያድገው በከረንቱ (በሽቦው በሚፈሰው የኮረንቲ መጠን) ስኩዌር ነው። ቮልቴጁን እጥፍ ካደረግነው፣ ለዚያው ኃይል ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ብክነቱ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ ዓይነት ሽቦ ይዘን በ15 ኪሎ ቮልት ፈንታ በ400 ብንልክ ብክነቱ ከ700 ጊዜ በላይ ያንሳል። ለዚህ ነው ከበለስ ወደ ባህር ዳር፣ ከዚያም በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ መሀል አገር የሚሄደው መስመር 400 የሆነው።

ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። ከ400 ወደ 33 ወይም 15፣ ከዚያ ወደ ቤታችን 220 ቮልት ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ብቻ በልዩ ከባድ መኪና ነው የሚጓጓዘው፤ የሚታዘዘውም ከውጭ አገር ነው። ለአንድ ቀበሌ ሲባል ይሄ አይተከልም። በገንዘብ አያዋጣም።

ግን መንገድ አለ። እዚህ አገር በበቂ ያልተወራለት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው።

በምሰሶው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ቀጠን ያለ ሽቦ አይታችኋል? የመብረቅ መከላከያ ነው። ብዙውን ጊዜ ኃይል አይተላለፍበትም፤ በቀጥታ ከምሰሶው ብረት ጋር ይታሰራል። ይህን ሽቦ ከብረቱ ለይተን ኮረንቲ በማያሳልፍ ስኒ ላይ ብናስቀምጠው፣ ከማከፋፈያ ጣቢያው 20 ወይም 30 ምናምን ኪሎ ቮልት ልንልክበት እንችላለን። መሬቱ ራሱ እንደ አንድ መስመር ያገለግላል። ከዚያ ሽቦው የሚያልፍባቸው መንደሮች በተራ ትራንስፎርመር ይቀጥላሉ። ሰሜን ጋና ውስጥ በዚህ መንገድ መብራት ያገኙ ከተሞች አሉ፤ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ላኦስም ሠርታበታለች። መብረቅ መከላከሉንም አይተውም።

ገደብ አለው። ትልቅ ፋብሪካ አይሸከምም። ርቀቱም መጠን አለው። ከሽቦዎቹ በአንዱ ውስጥ የኢንተርኔት ፋይበር ከገባ ደግሞ ለብቻው መታሰብ አለበት። ዋናው ግን፣ ውሳኔው ዲዛይን ላይ እያለ መወሰን አለበት። ምሰሶው ከቆመ በኋላ መቀየር ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ "የጣና ዳር ልጅ" ያለው "እዚያው ውል ውስጥ" የሚለው ነገር ለፍትሕ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ በምህንድስናም ትክክል ነው።

የጣና ዳር ልጅ

ይሄን አላውቅም ነበር። መፈልፈያ ይችላል?

የፖሊ መሐንዲስ

የመንደር ወፍጮና የሩዝ መፈልፈያ ሞተር፣ አዎ፤ ታስቦ ከተሠራ ይችላል።

ሶላር ይቅደም

ይቅርታ፣ እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። መስመሩን ለምን እናሳድዳለን? ግጭት ባለበት አካባቢ ረጅም መስመር ማለት ረጅም ድካም ነው። አንዱ ቦታ ሲቆረጥ ሁሉም ይጨልማል። የመንደር ሶላር ግን እዚያው ነው። ማንም መንገድ ቢዘጋ ፀሐይን አይዘጋም።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። መንግሥት ራሱ በ2011 ባወጣው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ለማዳረስ ነው ያቀደው። ከዋናው መስመር ውጭ ሲባል በአብዛኛው ሶላር ነው። የአገሩ ግማሽ ገደማ ዛሬም መብራት የለውም። ለምን ምሰሶ እስኪቆም ይጠብቃል?

ነርስ ከደምቢያ

ሶላርን እደግፋለሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ዋጋውን አውቀዋለሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት። ከዚያ ከወጣ አንዳንዱ ክትባት ይበላሻል፤ መበላሸቱ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። የሶላር ፍሪጅ ያለው ጤና ጣቢያ መብራት ሲሄድ አይጨነቅም።

ግን ወንድሜ፣ ሶላሩ የማይደርስበት አለ። ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን፣ ራጅ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የመሣሪያ መቀቀያው፤ እነዚህ ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። በጄኔሬተር ሲሠሩ ደግሞ ናፍጣ ይመጣል፤ "የፎገራ ሩዝ" እንዳሉት መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው ናፍጣ ነው። አንዲት እናት በምጥ ላይ ሆና ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ማየት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ከሪፈራል ሆስፒታሉ ጋር የሚያገናኘን መንገድ በተዘጋ ቀን ያለን አማራጭ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉናል። አንዱን ይዘን ሌላውን እንጣል አትበሉን።

የፖሊ መሐንዲስ

እህቴ ያለችው ትክክል ነው። "ሶላር ይቅደም"፣ የተነሳው ነጥብ ጠንካራ ነው፤ ግን ባትሪውን አትርሳ። ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ መቀየሪያው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። የመንደር ሶላር ሲሠራ ኋላ ዋናው መስመር ሲመጣ እንዲገናኝ ተደርጎ ከተሠራ ገንዘቡ አይባክንም። መስመሩ ሲቆረጥ ደግሞ ሶላሩ ለብቻው ጤና ጣቢያውንና የውኃ ፓምፑን ይይዛል። ለግጭት አካባቢ የሚበጀው ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የላስታ ልጅ

ስለ መቆረጥ ካወራችሁ እኛን ስሙን። ላሊበላና አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ያለ መብራት ኖሯል። ኃይላችን የሚመጣው በአላማጣ በኩል ነበር። ጦርነቱ መሀል ላይ ሆነ። የእኛ ሽቦ ደህና ቢሆን እንኳ ማብሪያው ያለው ከግንባሩ ወዲያ ማዶ ነው።

ቱሪስት የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ስልክ ቻርጅ የለም። ሴቶች እህል በድንጋይ ወፍጮ ፈጩ። የድሮ ሰው ያደርገው የነበረውን ልጆቻችን ዳግመኛ አዩት። እኔ እንደምለው አንድ ከተማ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ መብራት የሚያገኝ ከሆነ ያ ከተማ ታግቷል ማለት ነው። መቀሌም ብትሆን ከዋናው መስመር ጋር ዳግም የተገናኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 2015 ነው። ጥገናው የወሰደው ሳምንታት ነው። ዓመታት የወሰደው መስማማቱ ነው።

ጡረተኛው መስመረኛ

የላስታው ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። ያልከው ነገር በእኛ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አንዱ መስመር ቢወድቅ ሌላው ይያዝ፤ ቀለበት ይሁን። ባህር ዳር በዚህ በኩል ዕድለኛ ከተማ ናት። ከምዕራብ በለስ ይመጣላታል፣ ወደ ደቡብ የደብረ ማርቆሱ አለ፣ ወደ ሰሜን የጎንደሩ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ እሱ በመተማ አልፎ ሱዳን ድረስ ይሄዳል። ቀለበቱ እየሳሳ የሚሄደው ከባህር ዳር እየራቁ ሲሄዱ ነው።

ጥገናን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መስመር ሲወድቅ ዕቃውም ባለሙያውም ኖሮ ሥራው የሚቆምበት ጊዜ አለ። መኪናው ማለፍ አይችልም። አንዱ ወገን ቢፈቅድ ሌላው ማን እንደላከህ ይጠይቃል። መስመረኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከሩቅ የሚታይ ሰው ነው፤ መደበቂያ የለውም። ምሰሶው ሥር ያልፈነዳ ነገር መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ሠራተኛ ማሰማራት ደግሞ ነፍስ ማጥፋት ነው። በየትኛውም ወገን ያላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የጥገና ቡድን ይለፍ በሉ። የማንም መብራት አይደለም። የሁሉም ነው።

ሌላም አደራ አለኝ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ አትቅረቡ። "ተቋርጧል" ቢባልም አትመኑ። መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል። ቅርብ ከሆናችሁ እግራችሁን ሳታራርቁ፣ ጫማችሁን መሬት ላይ እየጎተታችሁ ራቁ። ከብት የጠፋበት ሰው ከብቱን ለማንሳት ብሎ ራሱን እንዳይጨምር።

ሕግ ነክ

ሁለት ነገር ልበል፤ አጠር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ካሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መከፈል አለበት ይላል። በቅድሚያ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አይደለም። አዋጅ 1161/2011 ደግሞ የቀድሞውን 455/1997 ሽሮ ተክቷል። በድሮው፣ ከመሬቱ በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በአዲሱ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተመርጦ በ15 ይባዛል። የመስመር ችግር ግን ሌላ ነው። በቋሚነት የሚወሰደው ምሰሶው የቆመባት ቁራሽ ናት፤ ሰፊው መሬት በእጁ ይቀራል፣ ግን ዛፍ አይተክልበትም፣ ቤት አይሠራበትም። "የፎገራ ሩዝ" ያነሱት ቅሬታ ያለው እዚህ ክልከላ ውስጥ ነው። ገማቾች ሲመጡ በቀበሌ ስብሰባ ላይ በግልጽ መጠየቅ ያለበትም ይሄ ነው፦ የሚታጣው የወደፊት ገቢ እንዴት ተሰላ?

ሁለተኛ፣ ጦርነት። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነቶችን ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተቀብላለች። ይህ ፕሮቶኮል በአገር ውስጥ ግጭት ላይ ነው የሚሠራው። አንቀጽ 14 ለሰላማዊ ሰው ሕይወት የግድ የሚያስፈልጉ ነገሮችን፣ የመጠጥ ውኃ ተቋማትን በስም ጠቅሶ፣ ሕዝብን በረሃብ ለመጨረስ ተብሎ ማጥቃትም ከአገልግሎት ውጭ ማድረግም ይከለክላል። ፓምፑን መምታትና የፓምፑን መብራት መቁረጥ ለተጠማው ሰው ልዩነት የለውም። ጋሼ ስለ ጥገና ቡድን ያሉት ልመና ብቻ አይደለም፤ የሕግ መሠረት አለው ብዬ እከራከራለሁ።

የረግረግ ወዳጅ

ከሰዉ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ግን የጣና ጉዳይ ነው። የጣና ዙሪያ በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። በበጋ በሺህ የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ረጅም እግር ወፎች ከአውሮፓ ድረስ መጥተው እዚህ ይከርማሉ። ቀን ማሳ ላይ ይውላሉ፣ ማታ ረግረጉ ውስጥ ያድራሉ። በመሸም በጎህም ዝቅ ብለው ነው የሚበርሩት።

መሐንዲሷ የጠቀሰችው የጫፉ ቀጭን ሽቦ ለነሱ ገዳይ ነው። ወፍራሙን አይተው ከፍ ሲሉ ቀጭኑ ላይ ይጋጫሉ። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ሽቦው ላይ የሚታዩ ምልክቶች ይንጠለጠላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መስመሩን ሲያሰምሩ ከማደሪያቸውና ከመዋያቸው መሀል አለማሳለፍ ነው። ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ካለ አንድ ማለዳ ወጥቶ ይመልከት።

ሶላር ይቅደም

ነርሷ ያለችውን ደግሜ አነበብኩት። ሶላሩ ከመስመሩ ጋር እንዲገናኝ ሆኖ ይሠራ በሚለው እስማማለሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልለወጥም፦ ጸጥታ በሌለበት ወረዳ ሶላሩ ዛሬ ይግባ፣ መስመሩ ይከተል። ጤና ጣቢያው ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም።

ነርስ ከደምቢያ

በዚህስ ተስማምተናል።

የፎገራ ሩዝ

እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለጋሼ። ገበሬው ምሰሶ ላይ ብረት ጎድሎ ቢያይ ለማን ይናገር? ብዙ ሰው እኮ አይቶ ዝም የሚለው ክፉ ሆኖ አይደለም። "አንተ ነህ የሰረቅኸው" እንዳይባል ይፈራል።

ጡረተኛው መስመረኛ

ፍርሃቱ እውነት ነው። አይቼዋለሁ፤ የጠቆመ ሰው ታስሮ አድሯል። ይህ ካልቀረ ማንም አይጠቁምም።

905 የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነጻ የስልክ መስመር ነው። ትላልቆቹ መስመሮች የሌላኛው ተቋም፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው፤ በ2006 ነው ሁለት የተባሉት። ገበሬው ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም። ምሰሶው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ቁጥሩን ይያዝ፤ ቁጥር ከሌለ የጎጡን ስም ይናገር። ብቻውን ከሚሄድ ሁለት ሦስት ሆነው ከሽማግሌ ጋር ቀበሌ ቢያስመዘግቡ ይሻላል። ያኔ ማንም አይወነጅላቸውም።

የጣና ዳር ልጅ

መሐንዲሷ፣ አንድ ልለምንሽ። ያን የጫፍ ሽቦ ነገር በሁለት ገጽ አማርኛ ልትጽፊልን ትችያለሽ? የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚነበብ። ቀመር የሌለው። "ሕግ ነክ" የካሳውን ክፍል ቢጨምርበት እኔ አባዝቼ አዳርሳለሁ።

የፖሊ መሐንዲስ

እጽፈዋለሁ። ከሽቦው እጀምርና ምን ያህል ቤትና ወፍጮ እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል አስቀምጣለሁ። ያልተባለ ተስፋ እንዳይሰጥ ጋሼ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው መስመረኛ

ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ግን ከሽቦው አትጀምሪ። ከባህር ዛፉ ጀምሪ፤ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ እጅ የሚያወጣው ሰው የሚጠይቅሽ እሱን ነው።